በዋንዛው ላይ የተቀባች ቀይ ነጥብ

«ደን ያለበት ፎቶ ፈልጌ ነበር» አለች አለምወርቅ።

«ደን? ሞልቶ!» አለ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጓንጉል፤ ከተቀመጠበት ተነሳና በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሁለት መጋረጃዎች አንዱን ሳበው። በመጋረጃው ላይ ራሱ የሳለው ደን ነበረ። ደብረ ታቦር አይታ የማታውቀው ዘንባባ፣ ሰማያዊ ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው አጠገብ ደግሞ እግሩ ከአንገቱ የሚረዝም ወፍ። «ይኸውልሽ። ተቀመጪ።»

አለምወርቅ «አይደለም» ልትል አፏን ስትከፍት በርጩማው ከኋላዋ ቀረበ። ተቀመጠች። ጓንጉል አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ የነጠላዋን ጥለት አስተካከለ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ፈገግ በይ እንጂ ጓድ መምህርት! ለመታወቂያ አይደለም እኮ። ለእናት ነው ለእጮኛ?»

«ለማንም አይደለም።»

«እሱም ደግ ነው። ራስን ማየት ማን ከለከለ።» ብርሃኑ ቦግ አለ።

የመጣችበትን የተናገረችው ካሜራውን ዝቅ ካደረገ በኋላ ነው። ደኑ እውነተኛ ደን እንደሆነ፣ ፎቶ የሚነሳውም ሰው እንዳልሆነ ነገረችው። ጓንጉል ሰምቷት ሲጨርስ ራሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ታዲያ አገጭሽን ስይዘው ምነው ዝም አልሽ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበረች። ሰው አንድ ነገር አስቦ ከጀመረ በኋላ መሐል ላይ ማስቆም ብልግና ይመስላታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ አስተማሪ በሌላ ልጅ ስም ሲጠራት «አቤት» እያለች ዓመቱን ጨርሳዋለች።

አለምወርቅ የደሴ ልጅ ናት። በባዮሎጂ ተመርቃ ደብረ ታቦር ለማስተማር ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ፎቶውን የፈለገችለት ፍጥረት ሲካዳ ይባላል፤ ትልቅ ዝንብ የሚመስል ነፍሳት ነው። ዓመታትን ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየጠባ ይኖርና የመጀመሪያው ደህና ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ይወጣል። ግንድ ላይ ተንጠላጥሎ ጀርባውን ይሰነጥቃል፤ ከአሮጌው ቆዳ ውስጥም ክንፉ ያልደረቀ አዲስ ፍጥረት ይወለዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ያንንም ወንዱ በጩኸት ይፈጀዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የባዮሎጂ አስተማሪዋ በመርፌ የተወጋ ደረቅ ሲካዳ ከመሳቢያ አውጥቶ ሲያሳያቸው «የእኛ ደጋ ውስጥ ያለው ከቆዳው ሲወጣ የተነሳ ፎቶ እኔ አይቼ አላውቅም» ብሎ ነበር። እሱ የተናገረው እንደ ዋዛ ነው። እሷ ግን ይዛው ቀረች።

ባለፈው ግንቦት ተማሪዎቿን ይዛ ወደ ርብ ወንዝ ስትወርድ ድምፁን ሰማችው። እንደ ስፌት መኪና ሳያቋርጥ የሚሄድ፣ ሲጠጉት ቀጥ የሚል፣ ሲርቁት እንደገና የሚነሳ ድምፅ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ከየት እንደሚመጣ ያየ ግን አልነበረም። አንዷ «የሙቀቱ ድምፅ ነው፣ ቲቸር» አለቻት።

ጓንጉል ይህን ሁሉ ሰምቶ እንባውን ጠረገ። «እኔ ከአብዮቱ ወዲህ የማነሳው መታወቂያ ብቻ ነው። ፊት ነው፣ ፊት ነው፣ ፊት ነው። ሁሉም የተቆጣ ፊት። ይህ ያንቺ ነፍሳት ይቆጣል?»

«አይቆጣም።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ። ካሜራው ግን ከአንገቴ አይወርድም። ፈቃዱንም አንቺ ታወጪያለሽ።»

በዚያ ዘመን ካሜራ ይዞ ያለ ፈቃድ ገጠር መዞር የሚታሰብ አልነበረም። የፈቃዱን ወረቀት ያረቀቀው ሠራተኛ ጥያቄዋን አስደገማትና «ትል ለማንሳት ብዬ ባቀርብ ማን ይፈርምልኛል?» አለ። «የአካባቢውን የተፈጥሮ ሀብት በፎቶግራፍ ለማንሳት» ብሎ ጻፈው። ክብ ማኅተም ተመታበት። አለምወርቅ አመስግና ወጣች።

መጀመሪያ የወረዱት በሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ ቀን ነው። ጉና ጭጋጉን እንደተከናነበ በስተኋላቸው ቀረ። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ እየሞቀ፣ ለጤፍ የታረሰው መሬት እየበዛ ሄደ። ጓንጉል በየጥላው ያርፋል።

«ይህ ነፍሳት መኪና መንገድ ዳር አይኖርም?»

«አይኖርም፣ ጋሽ ጓንጉል።»

«ትምክህተኛ ነው በይኛ።»

ዋንዛውን ያገኙት ከአንድ ሳር ቤት ጓሮ ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ይዘረጋል፤ አበባው ነጭ ሆኖ ቅጠሉን ሸፍኖታል፣ ንብ ይተምበታል። አለምወርቅ ተንበርክካ ሥሩን አየች። በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ያምና ቆዳዎች እንደተጣበቁ ደርቀው ነበር፤ ጀርባቸው የተሰነጠቀ፣ እግራቸው ቅርፊቱን እንደያዘ የቀረ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀላል። አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ አኖረችው።

«ጓሮዬ የገባው ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

የቤቱ ባለቤት እማማ ትርንጎ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። አጭር ናቸው፤ ሲናገሩ ሰውን ቀና ብለው ያዩታል። እንግዶቹን ከጥላው ሥር አስቀምጠው ውሃ አቀረቡ፣ ከየት እንደመጡ ጠየቁ፣ ጓንጉል ዛፉን ሲያደንቅ ደግሞ ፊታቸው በራ።

«የኔ አይደለም። የሚካኤል ነው።»

«እንዴት እማማ?»

«ልጄ ደሞዜ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ ጊዜ ተስያለሁ። በሕይወት መልስልኝና ለደጅህ ከበሮ አስፈለፍልልሃለሁ ብዬ። የሚካኤል ከበሮ እንደሁ አርጅቶ ሲመቱት ያስላል። ደሞዜ ሲመጣ ራሱ ይቆርጠዋል፤ በበጋ፣ ውሃው ከእንጨቱ ሲወርድ። እስከዚያ ቅጠሉንም አላስነካ።» ከዚያ ወደ ካሜራው አዩ። «እናንተስ ምን አመጣችሁ?»

«ነፍሳት ነው እማማ» አለ ጓንጉል። «በግንቦት የሚጮኸውን።»

እማማ ትርንጎ ካሜራውን፣ የጓንጉልን ኮት፣ የአለምወርቅን የከተማ ጫማ በየተራ ተመለከቱ። ከዚያ ሳቁ። «ከደብረ ታቦር ድረስ ለነፍሳት?»

«ለነፍሳት።»

«ይሁን። የማይነገር ከሆነ አልጠየቅሁም።»

አለምወርቅ እጇን ዘርግታ ቆዳውን ልታሳያቸው አሰበች። መዳፏን ሳትከፍት ግን ፈንታሁን መጣ። የእማማ ትርንጎ ጎረቤት ነው፤ ለገበሬ ማኅበሩም ጸሐፊ ነው። ፈቃድ ጠየቃቸው። ወረቀቱን ተቀብሎ በመሠረተ ትምህርት የተማራትን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ «የ... ተ... ፈጥሮ... ሀብት» ብሎ አነበበ። ማኅተሙን አየ። ዋንዛውን አየ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ መለሰላቸው። አለምወርቅ መዳፏን ስትከፍት ቆዳው ደቆ ነበር።

አንድ የማታውቀው ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ ባለው አገር እንዲሁ ባለ ማኅተም ወረቀት የያዙ ሰዎች መጥተው ነበር። ዛፎቹን እየዞሩ አዩ፣ የመረጡትን ቀይ ቀለም ቀቡ፣ በሌላ ቀን መጋዝ ይዘው ተመለሱ። ባለዛፎቹን የጠየቀ አልነበረም። ዛፉ ለአዲሱ መንደር አዳራሽ ወጋግራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

ግንቦት ገብቶ አንድ ሁለት ቀን ካፊያ ሲጥል ሁለቱ እንደገና ወረዱ። ቅዳሜ ማታ እማማ ትርንጎ ቤት አደሩ። ጎህ ሲቀድ ዛፉ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ምንም አልወጣም፤ አፈሩ ከላይ ብቻ ነበር የራሰው። አለምወርቅ ግን ከዛፉ ሥር ጣት የሚያስገቡ ትናንሽ ቀዳዳዎች አገኘች፤ ከውስጥ በስስ አፈር የተደፈኑ። ከታች ሆነው እየጠበቁ ነው ማለት ነው።

ጓንጉል ጊዜውን በሥራው አሳለፈ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በቅርብ ሲነሳ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ አንድ ጣት ቢሳሳት ፎቶው ይደበዝዛል፤ በድንግዝግዝ ደግሞ በዓይን ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ከግንዱ ላይ ቆዳዎቹ በብዛት ከተጣበቁበት ቦታ አንድ ነጥብ መረጠ፣ ከነጥቧ እስከ ካሜራው መቆሚያ በሲባጎ ለካ፣ መቆሚያው የሚያርፍበትን በችካል መታ። ነጥቧን አለምወርቅ በጠመኔ አድርጋት ነበር።

«ጠመኔ ዝናብ ያጥበዋል» አለና ከኮቱ ኪስ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ። የመጋረጃዎቹን ወፎች የሚቀባበት ቀይ ቀለም ነበር።

«ቀለም ይሻላል ብለው ነው?» አለች አለምወርቅ። «ዛፉ የስለት ነው ብለዋል እኮ።»

«አንዲት ነጥብ! ሚካኤል ሰይፍ የያዘ መልአክ ነው፣ በነጥብ አይቀየምም።» በጣቱ ጫፍ ነክቶ ግንዱ ላይ አሳረፋት። የበቆሎ ፍሬ የምታክል ነጥብ ናት።

እማማ ትርንጎ ቆሎ ይዘው ሲመጡ ነጥቧን አዩ። ቆሙ። ጓንጉል መቆሚያውን እያጣጠፈ ስለነበር አላያቸውም፤ አለምወርቅ አየቻቸው። ሰሐኑን በግራ እጃቸው እንደያዙ ቀኝ እጃቸውን ግንዱ ላይ፣ ከነጥቧ ዝቅ አድርገው አሳረፉ።

«መቼ ነው፣ ልጄ?»

«ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው ነው እማማ። ምናልባት የሚመጣው ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ።» እጃቸውን ከግንዱ ሳያነሱ ቀና ብለው አዩዋት። «ትንሽ አይዘገይም? እስከ በጋ ቢሆን?»

አለምወርቅ ፈገግ አለች። አሮጊቷ ስለ ነፍሳቱ መጠየቃቸው ደስ ብሏት ነበር። «እኛ የምናዘገየው አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ይሆናል እንጂ።»

«እውነትሽን ነው። እናንተም ታዛችሁ ነው» አሉ እማማ ትርንጎ፤ ቆሎውንም በእጇ ዘገኑላት። «ብዪ። ዳገት ነው የሚጠብቅሽ።»

ዳገቱን ሲወጡ «ታዛችሁ ነው» የምትለው ቃል ከአለምወርቅ ጋር ወጣች። ማን ነው ያዘዘን? እያለች አሰበች። ዞር ብላ አየች፤ የዋንዛው ጫፍ ከታች ይታያል። ጓንጉል ከፊቷ እያለከለከ ይሄዳል፤ ካሜራው አንገቱ ላይ ነው፣ ሰማዩም ዳምኗል። ተመለሺ የሚላት ነገር ነበር። ለአንድ ቃል ብሎ ሰውን ከዳገት መመለስ ግን አልሆነላትም። የሚመጣው ቅዳሜ አስረዳቸዋለሁ አለች። ነጥቧ ለምን እንደሆነች ካሜራውን ተክዬ፣ በመስኮቱም አሳይቼ አስረዳቸዋለሁ አለች።

እማማ ትርንጎ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈንታሁንን አስጠሩት። ፈንታሁን ነጥቧን ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጥፍሩም ፋቃት። አልለቀቀችም።

«ቀይ ከተቀባ አለቀ፣ እቴ ትርንጎ። ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ልጅቱ ግን ክፉ አትመስልም።»

«እሷ ምን ታድርግ? ላኪ አላት። እኔ የምልዎ፣ ቀድመው ይስጡት። ቆርጠን ሚካኤል ደጅ እናድርሰው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብተው አይጎትቱትም።»

«ስለት ቀድሞ ይከፈላል?»

«ቢከፈል ምን ነውር አለው?»

«ልጄ ሳይመጣ?» አሉ። «ሳይመጣ ከፍዬ፣ መልአኩ ‹ተቀብያለሁ› ብሎ ነገሩን ቢተወውስ?»

«ከሚወስዱት ግን ይሻላል» አለ።

እማማ ትርንጎ ሁለት ቀን ሲያስቡበት ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፈንታሁን ቤት ሄደው «ይሁን» አሉት። ደቦ ተጠራ። ጠላ እንኳ ለመጥመቅ ጊዜ ስላልነበረ የመጡት ሰዎች ንፍሮ በልተው መጥረቢያ አነሱ። እማማ ትርንጎ ዛፉ ሲወድቅ አላዩም፤ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ነበር። ድምፁን ግን ሰሙ። ግንዱን ከቅርንጫፉ ለይተው በሬ ጠምደው እየጎተቱ ሚካኤል ደጅ አደረሱት፤ ከዕቃ ቤቱ ጎን አጋደሙት። በዚያው ሌሊት እውነተኛው ዝናብ ጣለ፤ እስከ ቅዳሜ ረፋድ እየቆመ እየጀመረ ዘነበ።

ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ አለምወርቅና ጓንጉል ተነሱ። መንገዱ ጭቃ ስለነበረ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከመጨረሻዋ ጉብታ ላይ አለምወርቅ ቆመች። የሳር ቤቱ ይታያል፣ ከበላዩ ግን ባዶ ሰማይ ነበር።

«መንገድ ተሳስተናል?» አለ ጓንጉል።

አልተሳሳቱም። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ሲጠብቋቸው እንደዋሉ ያስታውቃሉ። ፊታቸው ላይ አለምወርቅ አይታ የማታውቀው ኩራት አለ።

«ዘገያችሁ ልጆቼ» አሉ። «ሚካኤል ደጅ ነው ያለ። ከዚያ አታነሱትም።»

«ምኑን እማማ?» አለ ጓንጉል።

«ግንዱን ነዋ! ቀለማችሁም አብሮት ሄዷል፤ ከፈለጋችሁ ቄሱን ጠይቁ።»

ጓንጉል ወደ ጓሮው አየ። ከዋንዛው የቀረው ጉቶ ነበር፤ በዙሪያው የመጥረቢያ ፍልጥና የተረጋገጠ ነጭ አበባ። ከዚያ ወደ ገዛ ጣቱ አየ፤ ቀለሙን የነካባትን ጣት።

መናገር የነበረባት አለምወርቅ ናት። «እማማ፣ እኛ ዛፉን አይደለም...» ብላ በለሆሳስ ጀመረች። እማማ ትርንጎ «ምን?» አሉ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው።

ያን ጊዜ ነው ጉቶው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየችው።

ጭቃ የለበሰ ነፍሳት ነበር፤ በፊት እግሮቹ እየቆነጠጠ በቀስታ ይወጣል። ከበታቹ ሌላ አለ። ከፍልጦቹም መካከል፣ በአጥሩም እንጨት ላይ፣ በተጣሉት ቅርንጫፎችም ላይ እየወጡ ነበር። አፈሩ በስብሶላቸው፣ ዓመታት የጠበቁት ቀን ደርሶላቸው፣ ግንዱ በነበረበት በኩል ወደ ላይ ይፈልጋሉ። ጉቶው ጫፍ ላይ የደረሰው ከዚያ በላይ የሚወጣበት ስላጣ ገና ውሃ በሚያወርደው እንጨት ላይ ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ ቆመ። ጀርባው በቀጭኑ ተሰነጠቀ።

አለምወርቅ ተንበረከከች። እማማ ትርንጎም በዝግታ መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ከስንጥቁ ውስጥ አረንጓዴ ጀርባ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ቀይ ዓይን ያለው ራስ፣ ከዚያ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተኮማተረ ክንፍ። ወደ ኋላ ተንጋሎ በጅራቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ቆየ። ክንፉ እየተዘረጋ፣ ጅማቶቹ እየታዩ መጡ። ሦስቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር።

«ይኸ ነው?» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ይኸ ነው።»

«ለዚህ ነው የመጣችሁት? ነጥቡስ?»

«ካሜራውን ለማስተካከል ነበር። ይህ ሲወጣ ጥርት ብሎ እንዲነሳ።»

እማማ ትርንጎ ነፍሳቱን ያዩታል፣ ከዚያ ጉቶውን ያያሉ፣ ከዚያ ነፍሳቱን። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት እንዴት እንደጠፋ አለምወርቅ ማየት ስላልቻለች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ነግራችሁኝ ነበር» አሉ ቆይተው። «እኔ ነኝ ያላመንሁ። ለነፍሳት ብሎ ማን ይመጣል ብዬ።»

«አይ እማማ። አሳምረን አልነገርንዎትም። ‹ይዘገያል ወይ› ሲሉኝ...»

«ተይው ልጄ። የሆነው ሆነ።» ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞሩ፤ ድምፃቸው ጠንከር አለ። «ምን ትጠብቃለህ አንተ? አንሳው እንጂ! ብርሃኑ እያለቀ ነው። ለዚህ አይደል የመጣኸው?»

ጓንጉል አለምወርቅን አየ። አለምወርቅ ከጉቶው ፈቀቅ አለችለት። ችካሎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ የሚለካበት ነጥብ ግን ስላልነበረ ካሜራውን በእጁ ይዞ በጭቃው ላይ በሆዱ ተኛ። የካሜራው መብራት ቦግ ሲል እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ደጋግሞ አነሳ። ነፍሳቱ ክንፉን ጨርሶ ሲዘረጋ ጨለማው ወርዶ ነበር፤ ጓንጉልም ተነስቶ ኮቱን ሳያራግፍ ቆመ።

የዚያን ዕለት እማማ ትርንጎ እራት አቀረቡላቸው፤ ሁለቱም በሉ። ጠዋት ሲሰናበቱ አለምወርቅ እግራቸው ላይ ወደቀች። እማማ ትርንጎ በክንዷ አንስተው ሳሟትና «ሂጂ፣ ዝናብ ሳይይዝሽ» አሏት።

ፎቶዎቹ ጥሩ ወጡ። ጓንጉል በትልቁ አጠባቸው፤ አንደኛው ላይ የክንፉ ጅማት አንድ በአንድ ይቆጠራል። አለምወርቅ ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪዋ ላከችለት። አስተማሪዋ አድንቆ ጻፈላትና ነፍሳቱ የወጣበት ዛፍ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በሚመጣው ዓመትም እዚያው ቦታ መመልከት ትችል እንደሆነ ጠየቃት። ዋንዛ እንደነበረ መለሰችለት። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ አልጻፈችም።

ክረምቱን በሙሉ ግንዱ ሚካኤል ደጅ ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። በጥቅምት ፀሐዩ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ከአንበሳሜ ከተማ የመጣው ከበሮ ሠሪ በእጁ እያንኳኳ ዞረውና ውሃውን ሳይጨርስ የተቆረጠ እንጨት ለከበሮ አይሆንም አለ። ካህናቱ አስፈልጠው ለኅዳር ሚካኤል ድግስ ማገዶ አደረጉት። ደሞዜ ገና አልተመለሰም ነበርና ድግሱ ባለፈ ማግሥት እማማ ትርንጎ በማለዳ ወደ ሚካኤል ሄደው አዲስ ስለት ተሳሉ፤ ምን እንደተሳሉ ለማንም አልነገሩም።